ከመለኪያው በፊት ጽንሰ ሐሳቡ፦ የእንቅስቃሴ እድገት ጥናት በምዕራብ ጎጃም ገጠር

የሰው ልጅ የእንቅስቃሴ እድገት ከጽንስ እስከ እርጅና የሚዘልቅ ለውጥ ነው። በዚህ ሐሳብ ላይ ዛሬ ብዙ ተመራማሪ አይከራከርም። ክርክሩ የሚነሣው ለውጡ በምን ይለካል፣ ልዩነት ሲታይስ ምን ተብሎ ይተረጎማል በሚለው ላይ ነው። በፍኖተ ሰላም ዙሪያ በጃቢ ጠህናን ወረዳ፣ ወይም በቡሬ ዙሪያ የገጠር ቀበሌዎች የሚኖር የሰባት ዓመት ልጅ በውጭ አገር በተዘጋጀ የክህሎት መፈተኛ ዝቅተኛ ውጤት ቢያመጣ ውጤቱ ከሦስት ነገሮች አንዱን ሊናገር ይችላል። ልጁ በእርግጥ ወደ ኋላ ቀርቶ ይሆናል፤ የተጠየቀውን ተግባር ከዚያ በፊት አድርጎት አያውቅ ይሆናል፤ ወይም ዕድሜው በትክክል አልተመዘገበም። ሦስቱን ሳይለዩ «የእንቅስቃሴ እድገት መዘግየት ታይቷል» ብሎ መደምደም ቁጥሩን ማንበብ እንጂ ልጁን ማጥናት አይደለም።

ጉዳዩ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም፤ ስሕተቱ በሁለት አቅጣጫ ይጎዳል። ጤናማውን ልጅ ዘገምተኛ ብሎ መመደብ ቤተሰቡን ያስጨንቃል፣ መምህሩ ከልጁ የሚጠብቀውንም ዝቅ ያደርጋል። በአንጻሩ በእርግጥ ምርመራ የሚያስፈልገውን ልጅ «የገጠር ልጅ ነው፣ ይደርሳል» ብሎ ማለፍ በወቅቱ ሊያገኝ የሚችለውን እርዳታ ያሳጣዋል። ስለዚህ በአካባቢው የሚካሄድ ጥናት መለኪያ ከመምረጡ በፊት የሙያውን መሠረታዊ ጽንሰ ሐሳቦች በአካባቢው ሕይወት ላይ አስቀምጦ ሊፈትሻቸው ይገባል።

«እድገት» የሚለው ቃል ሸክም

በአማርኛ «እድገት» የሚለው ቃል በሙያው ተለያይተው የሚታዩ በርካታ ጽንሰ ሐሳቦችን በአንድነት ይሸከማል። የቁመት፣ የክብደትና የአካል ክፍሎች መጠን መጨመር የአካል እድገት ነው። የነርቭ፣ የጡንቻና የአጥንት ሥርዓት በውርስ በተቀመጠ ቅደም ተከተል ለሥራ ብቁ እየሆነ መምጣቱ ብስለት ይባላል። በልምምድ የሚገኝና የሚጸና የክህሎት ለውጥ መማር ነው። የእንቅስቃሴ እድገት ደግሞ እነዚህ ሁሉ ከአካባቢው ጋር ሲገናኙ በዕድሜ ዘመን ሁሉ የሚታየው የእንቅስቃሴ ባሕርይ ለውጥ ነው። ይህ ለውጥ መጨመርን ብቻ ሳይሆን መቀነስንም፣ የቀነሰውን በሌላ መተካትንም ያጠቃልላል።

ልዩነቱ በምዕራብ ጎጃም የተግባር ፋይዳ አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 46 በመቶ የሚሆኑት የቀነጨሩ ነበሩ፤ አገራዊው መጠን 38 በመቶ ነበር። የቀነጨረ ልጅ ከእኩዮቹ ያነሰ ርቀት ሲዘል ምክንያቱ የእግሩ ማጠር፣ የጡንቻው አቅም ማነስ ወይም የዝላዩን ቅንብር አለመማሩ ሊሆን ይችላል። በሜትር የተመዘገበ ርቀት ሦስቱን አይለይም። የእጁን ውዝዋዜ፣ የጉልበቱን መታጠፍና የአወራረዱን ሁኔታ የሚመለከት የሂደት ምዘና ግን ቢያንስ ሦስተኛውን ከሁለቱ ሊለይ ይችላል። ልኬትን ከቅንብር ያልለየ ጥናት የምግብ እጥረትን በክህሎት ጉድለት ስም ሊመዘግብ ይችላል፤ የሚያቀርበው መፍትሔም በዚያው ልክ ይስታል።

ብስለት ብቻውን የማይመልሰው ጥያቄ

በሃያኛው ምእት ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ አርኖልድ ጌዜል የሕፃናትን እንቅስቃሴ በወራት በመከፋፈል የሠሩት ዝርዝር ረጅም ተጽዕኖ አሳድሯል። የሐሳቡ መሠረት የእንቅስቃሴ ለውጥ በዋነኛነት የነርቭ ሥርዓት ብስለት ውጤት ነው የሚል ነበር። ይህን አመለካከት ከፈተኑት መካከል ኤስተር ቴለንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1984 ያቀረቡት ሥራ ይጠቀሳል። አዲስ የተወለደ ሕፃን ብብቱን ተይዞ እግሩ ወለል ሲነካ እርምጃ የሚመስል እንቅስቃሴ ያሳያል፤ እንቅስቃሴው በሁለት ወር ዕድሜ ገደማ ይጠፋል። ቀድሞ የሚሰጠው ማብራሪያ የአንጎል ብስለት እንቅስቃሴውን ያፍነዋል የሚል ነበር። ሆኖም በሕፃኑ እግር ላይ ጥቂት ክብደት ሲጨመር እርምጃው ቀነሰ፤ እግሩ ውኃ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ጨመረ። ስለዚህ አንዱ ምክንያት እግሩ ከጡንቻው ጉልበት ይልቅ በክብደት ፈጥኖ ማደጉ ነው። የጠፋ የመሰለው እንቅስቃሴ አካባቢው ሲለወጥ ተመልሶ ታየ።

ቻርልስ ሱፐር እ.ኤ.አ. በ1976 በኬንያ ኪፕሲጊስ ማኅበረሰብ ላይ ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ለምሥራቅ አፍሪካ ይበልጥ ይቀርባል። የኪፕሲጊስ ሕፃናት ከአሜሪካ እኩዮቻቸው ቀድመው ይቀመጡና ይራመዱ ነበር፤ በመዳህ ግን አይቀድሙም። ምክንያቱ እናቶች መቀመጥንና መራመድን ሆን ብለው ስለሚያለማምዱ፣ መዳህን ግን ስለማያለማምዱ ነበር። በዚህም «አፍሪካውያን ሕፃናት በተፈጥሯቸው ፈጣን ናቸው» የሚለው የቀደመ አባባል ወደ ተለየ ጥያቄ ተለወጠ፦ የትኛው እንቅስቃሴ፣ በማን ተለማምዶ?

በጎጃም ገጠርም ይኸው ጥያቄ መልስ ይፈልጋል። የአማርኛ ተናጋሪ እናት የልጇን እድገት የምትናገርበት የራሷ ቅደም ተከተል አላት፦ አንገቱ ጸና፣ ተቀመጠ፣ ዳኸ፣ ወፌ ቆመች ተባለለት፣ ድክ ድክ አለ፣ ሄደ። «ወፌ ቆመች» እያሉ ሕፃኑን ማቆም የደስታ መግለጫ ብቻ ሳይሆን መቆምን የሚያለማምድ ድርጊት ነው። በአንቀልባ መታዘልም እንዲሁ ቀላል አይደለም። የታዘለ ሕፃን እናቱ ስታጎነብስ፣ ስትነሣና ስትራመድ አንገቱንና ወገቡን ደጋግሞ ያስተካክላል፤ በሌላ በኩል ወለል ላይ በደረቱ ተኝቶ የሚያሳልፈው ጊዜ ያንሳል። ከዚህ በመነሣት የሚጠበቀው ውጤት በአንዱ እንቅስቃሴ መቅደም፣ በሌላው መዘግየት ሊሆን ይችላል። አንድ ጠቅላላ ድምር ብቻ የሚያቀርብ ፈተና ይህን መልክ ይደብቀዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ባካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ጥናት ያለ ድጋፍ መራመድ የሚጀመርበት ወሰን ከ8.2 እስከ 17.6 ወር እንደሆነ አስቀምጧል። በጥናቱ ከታዩት ሕፃናት 4.3 በመቶ የሚሆኑት በእጅና በጉልበት ሳይድሁ ወደ መራመድ አልፈዋል። ቁጥሮቹ ሁለት ትምህርት ይሰጣሉ። የመጀመሪያው ጤናማ ልዩነት ሰፊ መሆኑ ነው፤ ጎረቤት በአሥር ወሩ ሄደ ተብሎ በአሥራ አራት ወሩ ያልሄደ ልጅ አይታማም። ሁለተኛው ስፋቱ ወሰን ያለው መሆኑ ነው፤ አሥራ ስምንት ወር ሞልቶት ያልሄደን ልጅ «ይደርሳል» ብሎ ማቆየት አይገባም፣ ጤና ተቋም ሊያየው ይገባል። የአካባቢን ልማድ ማክበር ይህን ሁለተኛ ትምህርት አያስቀርም።

ልጁ ምን ሲያደርግ ይዋላል?

ካርል ኒዌል እ.ኤ.አ. በ1986 ያቀረቡት ማዕቀፍ እንቅስቃሴን የሦስት ነገሮች መስተጋብር ውጤት አድርጎ ያያል፤ የግለሰቡ አካል፣ የሚፈጸመው ተግባርና አካባቢው። ማዕቀፉ በብዙ የድኅረ ምረቃ ጽሑፎች የንድፈ ሐሳብ ምዕራፍ ውስጥ ይጠቀሳል፤ የመረጃ መሰብሰቢያው ምዕራፍ ሲደርስ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። ተግባሩ ከሌላ አገር ተወስዶ፣ አካባቢው ሳይገለጽ ቀርቶ፣ ልዩነቱ ሁሉ በልጁ አካል ላይ ይጫናል።

በሰፊው የሚሠራበት የዴል ኡልሪክ የመሠረታዊ እንቅስቃሴዎች መፈተኛ ሦስተኛ እትም 13 ክህሎቶችን ይመዝናል። ከነዚህም መካከል ኳስን ወለል ላይ ማንጠር፣ በማስቀመጫ ላይ የቆመን ኳስ በዱላ መምታትና ኳስን በራኬት መሰል መምቻ መምታት ይገኛሉ። የማነጻጸሪያ ደረጃው የተሠራው በአሜሪካ ልጆች ነው። ጠፍጣፋ ወለልና የሚነጥር ኳስ የሌለው የገጠር ልጅ ኳስ ማንጠር አለመቻሉ ስለ ነርቭ ሥርዓቱ ብዙም አይናገርም። ይኸው ልጅ ግን በገና ጨዋታ እየሮጠ የምትንከባለለዋን ሩር በቆልማማ ዱላ ይመታል፤ ይህ በማስቀመጫ ላይ የቆመን ኳስ ከመምታት የበለጠ የጊዜና የቦታ ቅንብር የሚጠይቅ ተግባር ነው። እረኛው ጅራፍ ሲያጮህ ኃይሉ ከእግር ተነሥቶ በወገብ፣ በትከሻና በእጅ በኩል ወደ ጅራፉ ጫፍ በቅደም ተከተል ይተላለፋል። ወንጭፍ ሲወረውር ደግሞ ድንጋዩን የሚለቅበትን ቅጽበት መምረጥ አለበት። እነዚህ በተጠቀሰው መፈተኛ ቅጽ ላይ ቦታ የላቸውም።

ከዚህ ተነሥቶ የውጭውን መለኪያ ሁሉ መጣልም ትክክል አይሆንም። በአንድ እግር መዝለል በመፈተኛው ውስጥ ያለ ክህሎት ነው፤ ሰኞ ማክሰኞ የሚጫወቱ ልጆችም ዕለት ዕለት ያደርጉታል። መፈተኛው በጥቅሉ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም ብሎ ከመከራከር ይልቅ እያንዳንዱን ተግባር ለብቻው መመርመር ያስፈልጋል። ለዚህ የአገር ውስጥ አርአያ አለ። በጅማ የሚገኙ ተመራማሪዎች የዴንቨር ሁለተኛ እትም የሕፃናት እድገት መለያን ለአካባቢው ልጆች አስማምተው፣ በዚያው ልጆች ላይ መዝነው ሥራውን አሳትመዋል። ለምዕራብ ጎጃም ልጆች የሚያስፈልገውም የቅጽ ትርጉም ብቻ ሳይሆን እንዲህ ያለ ሥራ ነው።

የተግባር ልዩነት የጾታ ልዩነትንም ያብራራል። ወንዱ ልጅ ከብት ጠብቆ ሲውል፣ ሩር ሲያሳድድ፣ ኋላም እርፍ ሲጨብጥ፣ ሴቷ ልጅ ውኃ ትቀዳለች፣ ታናሿን ታዝላለች፣ እህል ታበጥራለች፣ እንዝርት ታሾራለች። እርሷ በሰፌድ ስታበጥር ፍሬውን ከገለባው የምትለይበት የእጅ አንጓ ቅንብር ረቂቅ ክህሎት ነው። ኳስ በመወርወር ብቻ ተመዝና «የሴቶች ክህሎት አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል» ቢባል የተለካው ጾታ ሳይሆን የቀን ውሎ ነው። በሌላ በኩል ሙሉ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ይህን በየቀኑ የምትሸከም የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሚዛን መጠበቅን ብትለማመድም፣ በሸክሙ የሚጎዳው ጀርባዋ የጥናቱ አካል ሊሆን ይገባል። ሥራ ክህሎትን ይገነባል፤ መጠኑ ሲያልፍ ደግሞ ገላን ይሰብራል። ተመራማሪው አንዱን ብቻ መርጦ ሊጽፍ አይችልም።

ባዶ እግርና ቀይ አፈር

አካባቢን ሳያዩ ጽንሰ ሐሳብ መዋስ የሚያስከትለው አደጋ ከሁሉ ይልቅ በእግር ላይ ጎልቶ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት በባዶ እግራቸው የሚያድጉ የደቡብ አፍሪካ ልጆችን ጫማ ከለመዱ የጀርመን ልጆች ጋር አነጻጽሮ፣ በተለይ ከ6 እስከ 10 ዓመት ባሉት ላይ ባዶ እግር የለመዱት በሚዛንና በዝላይ የተሻሉ መሆናቸውን አሳይቷል። ይህን ያነበበ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ልጆች በባዶ እግራቸው እንዲሮጡ ቢመክር ምክሩ መሠረት አለው፤ የምዕራብ ጎጃምን አፈር ግን አላየም።

በደጋማና በወይና ደጋማ፣ ዝናብ በሚበዛባቸው፣ ከእሳተ ገሞራ ዐለት በተገኘ ቀይ ሸክላማ አፈር በተሸፈኑ አካባቢዎች ለረጅም ዓመታት በባዶ እግር መሄድ ፖዶኮኒዮሲስ ለተባለው የእግር እብጠት ያጋልጣል። ሕመሙ በሕዝቡ ዘንድ ዝሆኔ ከሚባሉት አንዱ ነው። ስያሜውን የሰጡት በኢትዮጵያ ሲሠሩ የነበሩት እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። ረቂቅ የአፈር ቅንጣቶች በእግር ቆዳ በኩል ገብተው የሊምፍ ቧንቧዎችን ያስቆጣሉ፤ በዘር የሚተላለፍ ተጋላጭነትም ድርሻ ስላለው በባዶ እግር የሚሄድ ሁሉ አይታመምም። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት በምሥራቅ ጎጃም ደብረ ኤልያስና በምዕራብ ጎጃም ደምበጫ ወረዳዎች ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ነዋሪዎች 3.3 በመቶ የሚሆኑት ሕመሙ ተገኝቶባቸዋል። ደምበጫ ለፍኖተ ሰላም ጎረቤት ነው።

ለእንቅስቃሴ እድገት ጥናት የሚነሣው ጉዳይ ይህ ነው፦ በሰባት ዓመት ዕድሜ ለሚዛን የጠቀመው ባዶ እግር፣ በሠላሳ ዓመት ዕድሜ ሞፈርና ቀንበር ተሸክሞ እርሻ መድረስን፣ ገበያ መሄድንና ሥራ መሥራትን ሊያሳጣ ይችላል። ጥቅምና ጉዳቱ በተለያየ ዕድሜ ስለሚታይ የልጅነትን ብቻ የሚያይ ጥናት ጥቅሙን ብቻ፣ የጎልማሳነትን ብቻ የሚያይ ጥናት ጉዳቱን ብቻ ያገኛል። «በዕድሜ ዘመን ሁሉ» የሚለው ሐረግ ለጌጥ የተጨመረ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገውም። ሕመሙ በጫማና በእግር ንጽሕና የሚከላከሉት በመሆኑ ምክሩም ግልጽ ነው፤ ልጆች እግራቸው በነጻነት የሚንቀሳቀስበት ጫማ አድርገው ይሩጡ፣ ማታም እግራቸውን በሳሙና ይታጠቡ። የሚዛን ልምምድ በሌላ መንገድ ይገኛል፤ የጠፋ እግር ግን እንደቀድሞው አይመለስም።

ከበርጩማ የሚነሡ አዛውንት

የዕድሜው ሌላኛው ጫፍ በአገር ውስጥ የስፖርት ሳይንስ ጽሑፎች ያነሰ ቦታ ይሰጠዋል። ጄን ክላርክና ጄሰን ሜትካልፍ እ.ኤ.አ. በ2002 የእንቅስቃሴ እድገትን በተራራ መስለው ሲያቀርቡ በጉዳት ወይም በእርጅና የጠፋውን አቅም በሌላ ስልት መተካትን ራሱን የቻለ ክፍል አድርገውታል። አዛውንት መቋሚያቸውን ተደግፈው በማሕሌት ሌሊቱን ሲቆሙና ሲያዜሙ፣ ወይም ምርኩዛቸውን ቀድመው ተክለው ዳገት ሲወጡ የሚታየው ይህ ነው። ፍጥነት ቀንሷል፤ ቅንብሩ ግን አዲስ መልክ ይዟል።

የአረጋውያንን የእግር ጉልበት ለመለካት በሰፊው የሚሠራበት ፈተና በ30 ሰከንድ ውስጥ ከወንበር ስንት ጊዜ ተነሥቶ መቀመጥ እንደሚቻል ይቆጥራል፤ የወንበሩ ከፍታ 43 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ዘመናቸውን ከምድጃ ዳር ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ ሲቀመጡና ሲነሡ የኖሩ እናት በዚህ ፈተና ጥሩ ውጤት ቢያመጡ አያስደንቅም፤ ሆኖም ፈተናው ኑሯቸው የሚጠይቀውን አይለካም። የርሳቸው የዕለት ጥያቄ ከበርጩማ፣ ከመደብ፣ ከመሬት መነሣት ነው። በዐቢይ ጾም የሚሰግዱ ምእመናን ጉልበታቸውን አጥፈው፣ ግንባራቸውን ምድር አስነክተው ደጋግመው ይነሣሉ፤ «ዘንድሮ ስግደቱ አቃተኝ» ማለት የአቅም መቀነስ ምልክት ነው፣ ለተመራማሪም መረጃ ነው። በብራዚል የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነ ጥናት ዕድሜያቸው ከ51 እስከ 80 ዓመት በሆኑ ሰዎች ላይ ወለል ላይ ተቀምጦ የመነሣት ችሎታ ከቀጣይ ዓመታት የሞት መጠን ጋር ዝምድና እንዳለው አመልክቷል። ዝምድና ምክንያት ማለት አይደለም፤ ሆኖም ከመሬት መነሣት በሳይንስ ሊለካ የሚችልና የሚገባው ተግባር መሆኑን ያሳያል።

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከተሞች ኑሮው እየተለወጠ ነው። ወፍጮ ቤት ድንጋይ ወፍጮን፣ የቧንቧ ውኃ የወንዝ መንገድን፣ ባጃጅ የእግር ጉዞን፣ ሶፋ መደብን ተክተዋል። የከተማው ነዋሪ ከብዙ ድካም ድኗል፤ ይህ በጎ ነው። ነገር ግን በየቀኑ ሳይታሰብ ይገኝ የነበረው የመጎንበስና የመነሣት ልምምድ አብሮ ቀንሷል። በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ የሚገኙ በቋንቋ፣ በምግብና በዘር የሚቀራረቡ የከተማና የገጠር አረጋውያንን ማነጻጸር ለድኅረ ምረቃ ተማሪ የቀረበ፣ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ርእስ ነው።

ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ ዕድሜን በጥንቃቄ መመዝገብ ይቀድማል። በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዲስ መልክ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ስለሆነ የምስክር ወረቀት የሌላቸው የገጠር ልጆች ብዙ ናቸው። በሕፃናት ጥናት የሁለት ወር ስሕተት ጤናማውን ዘገምተኛ ያስመስላል። የአካባቢው ሥርዓት ግን መውጫ ይሰጣል። በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች፤ የክርስትናው ቀን ከበዓሉ ጋር አብሮ ይታወሳል። በሙስሊም ቤተሰብ በሰባተኛው ቀን የሚደረገው አቂቃ ተመሳሳይ ምልክት ሊሆን ይችላል። «ስንት ወሩ ነው?» ከማለት «ክርስትና የተነሣው በማን በዓል ሰሞን ነው?» ብሎ መጠየቅ ወደ ትክክለኛው ቀን ይበልጥ ያቀርባል።

ሁለተኛ፣ ናሙናው ትምህርት ቤት ብቻ ሊሆን አይገባም። በክልሉ ከእ.ኤ.አ. 2023 ጀምሮ በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ከዚያም በፊት ከብት ጥበቃና የቤት ሥራ ከክፍል ያስቀሯቸው ልጆች ነበሩ። ክፍል ውስጥ የተገኙትን ብቻ ለክቶ «የምዕራብ ጎጃም ልጆች» ማለት አይቻልም።

ሦስተኛ፣ የውጭ መለኪያ ሲወሰድ እያንዳንዱ ተግባር በአካባቢው መታወቁ አስቀድሞ ይጣራ፤ የአካባቢው ተግባራት ተጨምረው ለብቻቸው ይመዝገቡ። ዓለም አቀፍ ንጽጽር አንድ ዓይነት መለኪያ ይፈልጋል የሚለው ተቃውሞ እውነት አለው፤ መልሱም የጋራውንና የአካባቢውን ክፍል ለይቶ ሁለቱንም ማቅረብ ነው። አንባቢው በየትኛው ልዩነት እንደታየ፣ በየትኛው እንዳልታየ ሊያውቅ ይገባዋል።

አራተኛ፣ የአማርኛ ሙያዊ ቃላት ይወሰኑ። የአካል እድገት፣ ብስለት፣ መማርና የእንቅስቃሴ እድገት በአንድ ጽሑፍ ውስጥ እንደ ተመሳሳይ ቃላት ሲፈራረቁ አንባቢው ቀርቶ ጸሐፊውም የለካውን አያውቅም።

ወደ ቡሬ ወይም ወደ ጃቢ ጠህናን ገጠር ሜትርና ሰዓት ይዞ የሚወርድ ተማሪ ከሁሉ በፊት ለወላጅ የሚያቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው፦ ልጁ ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሲያደርግ ዋለ? የዚህ መልስ ከፈተናው ውጤት ጎን በጽሑፍ ካልሰፈረ ቁጥሩ የትኛውን እድገት እንደሚናገር ማንም ሊያውቅ አይችልም።